ተጨማሪ መረጃ፦ ስድስት ወር በቫሊ ፎርጅ

በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት እንግሊዞች ፊላደልፊያን ሲይዙ፣ በጆርጅ ዋሽንግተን የሚመራው የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1777 ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው ቫሊ ፎርጅ ሰፈረ። 12,000 ያህል ወታደሮች ግንድ ቆርጠው በሠሯቸው ጎጆዎች አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆነው ተጠለሉ። ብዙዎቹ ጫማ አልነበራቸውም፤ ስንቅ ሲያልቅባቸው ዱቄት በውሃ ለውሰው እሳት ላይ እየጋገሩ በሉ።

ወደ 2,000 የሚጠጉት ሞቱ። የጨረሳቸው ጥይት ሳይሆን ታይፈስ፣ ተቅማጥና ሌላም በሽታ ነበር። ፈንጣጣ ጦሩን እንዳይፈጅ ዋሽንግተን ወታደሮቹን አስከትቧል።

በፌብሩዋሪ 1778 የፕሩሲያው መኮንን ፎን ስቶይበን ደረሰ። እንግሊዝኛ ስለማይችል በአስተርጓሚ እያዘዘ አንድ ቡድን ራሱ አሠለጠነ፤ የሠለጠኑትም ሌሎቹን አስተማሩ። ሰልፍ መጠበቅን፣ ጠመንጃ ቶሎ ማጉረስንና በሳንጃ መዋጋትን የተማረው ይህ ጦር ጁን 28 ቀን 1778 ሞንማውዝ በተባለ ቦታ የእንግሊዝን መደበኛ ጦር በብርቱ ሙቀት ገጥሞ ሜዳውን ሳይለቅ አመሸ።