«ስጠኝ» እና «ይስጡኝ» በእንግሊዝኛ አንድ ናቸውን?

ከአንድ ሠልጣኝ



ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ስለ ጨዋነት ቃላት ነው። «ደግሞ ስለ ፕሊዝና ስለ ታንክ ዩ ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ባይ ነበርሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት የገጠመኝ ነገር ነው።

የማስተምረው የ5ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነበር። የተማሪዎቹን ደብተር አርሜ ጠረጴዛው ላይ ከምሬዋለሁ። አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ መጣና ፊቴ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጊቭ ሚ ማይ ኤክሰርሳይዝ ቡክ!» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አወካ። እኔም ለሥራው አዲስ ነኝና የተደፈርሁ መሰለኝ። «ባለጌ! መምህር እንዲህ ነው የሚታዘዘው?» ብዬ እስከ ደወል ድረስ ግድግዳ ሥር አቆምሁት። ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ጠርቼ ብጠይቀው ዕንባው እየቀደመው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ እኔ እኮ ደብተሬን ይስጡኝ ማለቴ ነው።»

ያን ሌሊት «ይስጡኝ» የምትለዋን ቃል ሳብሰለስላት አደርሁ። በልጁ ልብ ውስጥ የነበረው «ይስጡኝ» ነው። አክብሮቱ እዚያው ግሡ ውስጥ፣ «ይ» ላይና «ጡ» ላይ ተቀምጧል። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ግን ያ አክብሮት መቀመጫ አጣና መንገድ ላይ ቀረ። የደረሰው «ጊቭ ሚ» ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት «ጊቭ ሚ» ማለት «ስጠኝ» ነው ብዬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

ጨዋነት የት ይቀመጣል?

ጨዋነት የሌለበት ቋንቋ የለም። ልዩነቱ ጨዋነቱን የሚያስቀምጡበት ቦታ ላይ ነው።

የኛ አማርኛ በተውላጠ ስምና በግሥ ላይ ያስቀምጠዋል። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ እንላለን፤ «አንቱ» የሚባልበትም አገር አለ። ለታናሽ «ተቀመጥ»፣ ለታላቅ «ይቀመጡ» ነው። «እባክዎ» ሳንጨምር እንኳ «ይቀመጡ» ራሱን ችሎ ጨዋ ነው።

እንግሊዝኛ ግን ለሕፃኑም፣ ለዳኛውም፣ ለውሻውም ያለው «ዩ» ብቻ ነው። ይሁንና ከጥንት እንዲህ አልነበረም። ድሮ «አንተ» ለማለት «ዛው» የሚባል ቃል ነበረ፤ «ዩ» ደግሞ «እናንተ» ማለት ነበር። በመካከለኛው ዘመን ከፈረንሳይኛ ልማድ የተነሣ የተከበረን አንድ ሰው «ዩ» ማለት ተጀመረ። ቀስ በቀስም ሰዉ ሁሉ «ዩ» መባልን ወደደና «ዛው» እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ከተለመደው ንግግር እየወጣ ሄደ። በዚያው ዘመን ኩዌከር የሚባሉ የሃይማኖት ወገኖች «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ብለው ለዳኛውም ለባለሥልጣኑም «ዛው» እያሉ ይናገሩ ስለ ነበር ብዙ ቁጣ ደርሶባቸዋል። ዛሬ «ዛው» የቀረው በጸሎት፣ በጥንት ጽሑፍና በአንዳንድ የገጠር አነጋገር ነው።

በሌላ አነጋገር እንግሊዞች «አንተ» የሚለውን ጥለው ሰውን ሁሉ «አንቱ» አሉት ማለት ነው። ሁሉም አንቱ ከተባለ ግን አንቱነቱ ለማንም አይታወቅም። ስለሆነም አክብሮቱ ከግሡ ውጭ ባሉ ቃላት ላይ ይታያል፤ እነርሱም ፕሊዝ፣ ኩድ ዩ፣ ዉድ ዩ፣ ሰር፣ ማዳም የመሳሰሉት ናቸው። ለኛ እንደ ጌጥ የሚታዩን እነዚህ ቃላት ለእንግሊዝኛ የኛን «ይ-ጡ» ሥራ የሚሠሩ ናቸው።

ሦስተኛ ምስክር፦ ስሎቬንኛ

ነገሩ በሁለት ቋንቋ ብቻ ሲታይ «የነሱና የኛ» ሆኖ ይቀራል። ስለ ጨዋነት የተዘጋጀ የእንግሊዝኛና የስሎቬንኛ የቃላት ዝርዝር እጄ በገባ ጊዜ፣ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው እያገላበጥሁ ሦስተኛ ምስክር ልጥራ አልሁ።

ስሎቬንኛ የስሎቬንያ ሕዝብ ቋንቋ ነው። ስሎቬንያ በመካከለኛው አውሮፓ፣ በኢጣሊያ፣ በኦስትሪያ፣ በሀንጋሪና በክሮኤሽያ መካከል የምትገኝ 2 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት አገር ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ከዩጎዝላቪያ ተለይታ ነፃነቷን አውጃለች። ለኛ ለመምህራን ደስ የሚለው ነገር፣ በቋንቋው በመጀመሪያ ከታተሙት ሁለት መጻሕፍት አንዱ ፊደል ማስቆጠሪያ መሆኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1550 ያሳተመው ፕሪሞዥ ትሩባር የተባለ ሰባኪ ነው።

ስሎቬንኛ እንደኛው አክብሮትን በግሥ ላይ ያስቀምጣል። ለጓደኛ «ካኮ ሲ?»፣ ለታላቅ ወይም ለማያውቁት ሰው «ካኮ ስቴ?» ይባላል፤ እንደምን ነህ፣ እንደምን ነዎት እንደ ማለት። «አንተ» ቲ ነው፤ «እርስዎ» ደግሞ ቪ ነው። አንተ ማለትን ቲካንዬ፣ አንቱ ማለትን ቪካንዬ ይሉታል። ተማሪ መምህሩን ቪ ይላል፤ መምህሩ ትንሹን ተማሪ ቲ ይለዋል። በቀድሞ ዘመንማ ልጆች ወላጆቻቸውን ጭምር ቪ ይሉ ነበር።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የነሱ ቪ «እናንተ» ማለት ነው፤ አንዱን ሰው እንደ ብዙ አድርገው ያከብሩታል። እኛ ደግሞ «እርስዎ ይመጣሉ» ስንል ግሡ ከ«እነርሱ ይመጣሉ» ጋር አንድ ነው። ምን ይገርማል መሰላችሁ? ስሎቬኖችም በድሮ ጊዜ ኦኒካንዬ የሚሉት ነበራቸው፤ ይኸውም እንደኛው በ«እነርሱ» ግሥ ማክበር ነው። አሁን ቀርቷል።

ጾታንም እንመልከት። አማርኛ በ«እርስዎ» ላይ ወንድና ሴት አይለይም፤ አባትም «መጡ»፣ እናትም «መጡ» ናቸው። ስሎቬንኛም በትክክለኛው ሰዋስው ሴትን በቪ ሲያነጋግር ግሡን በወንድ ብዙ ቁጥር ያደርገዋል። «ነበሩ» ለማለት «ስቴ ቢሊ» እንጂ «ስቴ ቢላ» ማለት እንደ ስሕተት ይቆጠራል፤ በንግግር ግን የሚሉት አሉ። የነሱም መምህራን እንደኛው የሚያርሙት ነገር አላቸው ማለት ነው።

ቃላቱ ጎን ለጎን

አሁን ዋና ዋናዎቹን እንይ። መጀመሪያ እንግሊዝኛው፣ ቀጥሎ ስሎቬንኛው፣ ከዚያም የኛው ነው።

ፕሊዝ — ፕሮሲም — እባክዎ። የእንግሊዝኛው የመጣው «ደስ ካለዎት» ከሚል አባባል ነው። የስሎቬንኛው «እለምናለሁ» ማለት ነው።

ታንክ ዩ — ኽቫላ — አመሰግናለሁ። ኽቫላ ቃል በቃሉ «ውዳሴ» ነው። የኛም «ምስጋና» ውለታን መመለስም፣ ማወደስም ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል።

ዩ አር ዌልካም — ፕሮሲም — ምንም አይደለም። አዎ፣ ያው ፕሮሲም ነው!

ፓርደን? — ፕሮሲም? — አቤት? ያልሰሙትን ለማስደገም ነው። ስሎቬኖች ስልክ ሲያነሡም ፕሮሲም ይላሉ። የኛ «አቤት»ም ለጠራንም ሰው፣ ላልሰማነውም ነገር ያገለግል የለ?

ሂር ዩ አር — ኢዝቮሊቴ — እንኩ። ባለሱቅ ደንበኛውን «ምን ልታዘዝ?» ለማለትም ኢዝቮሊቴ ይላል።

ጉድባይ — ናስቪዴንዬ — ደህና ይሁኑ። ጉድባይ «እግዚአብሔር ከናንተ ጋር ይሁን» ከሚል ያጠረ ነው። ናስቪዴንዬ «እስክንተያይ» ነው።

ብለስ ዩ — ና ዝድራውዬ — ይማርህ። ላስነጠሰው ሰው ነው። የስሎቬንኛው «ለጤና» ማለት ሲሆን መጠጥ ሲያነሡም ይሉታል። ያስነጠሰው ሰው መልሶ «ያኑርህ» የሚለው ግን የኛ ነው።

ኩድ ዩ ሄልፕ ሚ? — ቢ ሚ ላኽኮ ፖማጋሊ? — ቢረዱኝ? እዚህ ላይ ቆም በሉ። እንግሊዝኛው «ካን» የሚለውን ትቶ ወደ «ኩድ» ሸሸ፤ ስሎቬንኛው «ቢ» ጨመረ፤ አማርኛውም «ቢ» ጨመረ። የሁለቱ «ቢ» መመሳሰል ዝምድና ሳይሆን ግጥምጥሞሽ ነው፤ ለማስታወስ ግን ይረዳል። ሦስቱም የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። ነገሩን ወደ «ቢሆን» ይወስዱና ለተጠያቂው «አይሆንም» የሚልበት በር ይተዉለታል። «ርዳኝ» ግን በሩን ይዘጋዋል። የጨዋነት ሰዋስው ምሥጢር ይህቺ ትመስለኛለች።

ስለ ባሕርይ የሚናገሩትም ቃላት ያስተምራሉ። «ፖላይት» ከላቲን የመጣ ሲሆን «የተወለወለ» ማለት ነው፤ «ሩድ» ደግሞ «ያልተሞረደ፣ ጥሬ»። ለ«ሩድ» ስሎቬኖች «ኔስራመን» ይላሉ፤ ቃል በቃሉ «እፍረት የሌለው»፣ በኛ «እፍረተ ቢስ» ነው። እኛም «ይሉኝታ ቢስ» እንላለን፤ ይሉኝታም «ሰዎች እንዲህ ይሉኛል» ከማለት የወጣ ነው። እንግሊዝኛው ጨዋነትን ከመወልወል፣ እኛና ስሎቬኖች ከሰው ዓይን ያመጣነው ይመስላል።

የሚያሳስቱ ቦታዎች

አንደኛ፣ «ሶሪ» እና «ኤክስኪዩዝ ሚ»። እኛ ለሁለቱም «ይቅርታ» እንላለን፤ ስሎቬኖችም ለሁለቱም «ኦፕሮስቲቴ» ይላሉ። እንግሊዝኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይለያል። ሰው ለማለፍ ወይም ለመጠየቅ ስንፈልግ፣ ከነገሩ በፊት፣ ኤክስኪዩዝ ሚ ነው። እግር ከረገጥን በኋላ ሶሪ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» ወይም «አይዞህ!» እንላለን። ይህን የሚተካ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል የለም። «ሶሪ» ብንል እንግዳው «አንተ ምን አደረግህ?» ብሎ ሊደነቅ ይችላል። «አር ዩ ኦልራይት?» ማለት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የኛ ጨዋነት በአካልም ይነገራል። በሁለት እጅ መስጠትና መቀበል፣ ለታላቅ «ኖር!» ብሎ መነሣት፣ ጎንበስ ማለት አለ። ያ ልጅ እኮ እጆቹን አጣምሮ ነበር ፊቴ የቆመው! እኔ ጆሮዬን ብቻ አምኜ ዓይኔን ሳላምን ቀረሁ።

ክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

1ኛ. የመለመኛ ግሥን ራቁቱን አናስተምር። «ጊቭ ሚ» ሰሌዳ ላይ በተጻፈበት ቀን «ፕሊዝ» ከጎኑ ይጻፍ። ቀጥሎ «ኩድ ዩ ጊቭ ሚ» ይምጣ።

2ኛ. አንድን ልመና ለሁለት ሰው እናስጠይቃቸው፤ ለታናሽ ወንድም እና ለርእሰ መምህር። በአማርኛ ግሡ ሲለወጥ ያዩታል። በእንግሊዝኛ የሚለወጠው ምን እንደ ሆነ ራሳቸው ይፈልጉ።

3ኛ. ከመቆጣታችን በፊት «በአማርኛ ምን ልትል ነበር?» ብለን እንጠይቅ። አፉ የተሳሳተና ልቡ የባለገ ልጅ አንድ አይደሉም። ለአንደኛው ትምህርት ነው መድኃኒቱ። የልጆቹ አፍ መፍቻ ሌላ ቋንቋ ከሆነም ያንኑ እንጠይቅ።

4ኛ. ራሳችንን እንስማ። ቀኑን ሙሉ «ስታንድ አፕ! ሲት ዳውን! ኦፕን ዩር ቡክስ!» እያልን ልጁ ፕሊዝን ከየት ይማራል? የክፍሉ እንግሊዝኛ ሁሉ ትእዛዝ ከሆነ እሱም የሚመልስልን ትእዛዝ ነው።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። እኔ ግን ልጁ ባልያዘው ቋንቋ አነጋገር ፈረድሁበት።

በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ደብተሮቹን ከማደሌ በፊት ልጁን ጠራሁትና በጓደኞቹ ፊት «ይቅርታ፣ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አልሁት። ግድግዳ ሥር ያቆምሁት በሁሉም ፊት ነበርና ይቅርታውም በሁሉም ፊት መሆን ነበረበት። ከዚያ «ኩድ ዩ ጊቭ ሚ ማይ ኤክሰርሳይዝ ቡክ፣ ፕሊዝ?» የሚለውን ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ ይህንኑ እያሉ ደብተራቸውን ተቀበሉ። ያ ልጅ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በቀስታ ተናገረና ደብተሩን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። እኔም «ዩ አር ዌልካም» አልሁት።

እናንተም በማስተማር ልምምድ ላይ የገጠማችሁ፣ ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር መንገድ ላይ የቀረ ጨዋነት ካለ ጽፋችሁ ከዚህ ሰሌዳ ጎን ለጥፉልን። ከልመና ጋር ነው፤ ፕሊዝ!