የጥርስ ሐኪሙን ወደ ወረዳ የሚወስደው ምንድን ነው?

መርካቶ ውስጥ ፎቅ ላይ የተሰቀለ የጥርስ ክሊኒክ ማስታወቂያ ብርቅ አይደለም። ነጋዴው ቅርብ ነው፤ ገንዘብ በየዕለቱ ይንቀሳቀሳል። ከክፍለ ሀገር ለጅምላ ሸመታ የመጣው ሰውም ዕቃው እስኪጫን ድረስ ሲያስታምመው የከረመውን ጥርስ ለማሳየት ጊዜ ያገኛል። ሐኪሙ ገበያውን ተከትሎ በመምጣቱ አይወቀስም። የሚያሳዝነው ያ ሸማች አገሩ ሲገባ የሚያክመው አለማግኘቱ ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት ኢትዮጵያ ለ10,000 ሰው አንድ የጥርስ ሐኪም እንኳ አይደርስም።

አሜሪካ ይህን መሰል ክፍተት ለመሙላት የተማሪውን ዕዳ ትጠቀማለች። እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣ ሕግ የተመሠረተው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጓድ፣ ባለሙያ ባነሰበት አካባቢ ለሚሠራ የጥርስ ሐኪም የትምህርት ብድሩን ይከፍልለታል። እዚያ ብድሩ ከባድ ስለሆነ ማባበያውም ይሠራል።

እኛ ዘንድ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው የሚጋራው የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ እንዲሁም የምግቡንና የመኝታውን ነው። ቀሪውን መንግሥት ይሸፍናል። የተማሪውንም ድርሻ የዋጋ ንረት ሸርሽሮታል። እንዲህ ያለ ዕዳ ቢሰረዝ ከመርካቶ የሚነሳ ሐኪም አይኖርም።

ታዲያ የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው? ተመራማሪዎቹ ካራ ሃንሰንና ዊልያም ጃክ እ.ኤ.አ. በ2007 ከኢትዮጵያ ሐኪሞችና ነርሶች መረጃ ሰብስበው ውጤቱን በ2010 አሳትመዋል። ደመወዝ በእጥፍ ቢጨምር ገጠር ለመሥራት ፈቃደኛ የሚሆኑት ሐኪሞች ከ7 በመቶ ወደ 50 በመቶ በላይ ያድጋሉ። ጥሩ መኖሪያ ቤት ቢሰጣቸው 27 በመቶ ይደርሳሉ። ነርሶቹን ከደመወዝ ውጭ ከሁሉም በላይ የሳባቸው ግን የመሣሪያና የመድኃኒት መሟላት ነበር፤ የ57 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ያህል።

ጥናቱ የጥርስ ሐኪሞችን ለይቶ ባይመለከትም፣ የነርሶቹ መልስ ለእነርሱ ይበልጥ የሚሠራ ይመስላል። ወንበር፣ ኮምፕረሰር፣ መቦርቦሪያ፣ ራጅ፣ አስተማማኝ መብራትና ውሃ ከሌሉ የጥርስ ሐኪም ከመንቀል ያለፈ ብዙ ሥራ አይኖረውም። በሙሌት መዳን የሚችል የልጅ ጥርስ እንዲሁ ይነቀላል። ሐኪሙም የተማረው ሙያ ከእጁ ሲጠፋ እያየ አይቆይም። መሣሪያው በአብዛኛው ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዋጋው ጀማሪ ሐኪም በደመወዙ የሚደርስበት አልሆነም።

ስለዚህ ማበረታቻው ከመሣሪያው ቢጀምር ይሻላል። የካፒታል ዕቃ ኪራይ፣ በተለምዶ ሊዝ የሚባለው፣ በአገሪቱ ሕግ የታወቀ አሠራር ነው። መንግሥት አንድን ወንበር ከነሙሉ ዕቃው በዞን ከተማ ለሚከፍት ሐኪም በሊዝ ቢያቀርብና ባገለገለ ቁጥር የዓመቱን ክፍያ ቢሰርዝለት፣ ሐኪሙ ውሉን ሲጨርስ የክሊኒክ ባለቤት ይሆናል። በመሃል ትቶ ቢመለስ ዕቃው የአከራዩ ነውና ለተተኪው ይተርፋል። በእጅ ከሚሰጥ አበል ይልቅ ይህ ለሕዝብ ገንዘብ ዋስትና አለው።

የቀረው የታካሚው ኪስ ነው። የዞን ከተማው ክሊኒክ የመርካቶን ነጋዴ አያገኝም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ለሙሌትና ለሥር ሕክምና ውል ገብቶ የሚከፍለው ከሆነ ግን፣ ሐኪሙ በየወሩ የሚቆጥርበት ገቢ ይኖረዋል፤ ገበሬውም ጥርሱ ገና በጠዋቱ ሲታመም ይመጣል።