ካፒታል ፊደል አንቱታ አይደለም

ከጂዛን ከተማ በአቡ አሪሽና በሳምጣ በኩል የመን ድንበር ላይ እስካለችው ጡዋል ድረስ የመንገድ ሰሌዳዎች በዐረብኛና በላቲን ፊደል ተጽፈዋል። ዐረብኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፤ ድንበሩን አቋርጦ የሚመጣው ኢትዮጵያዊ የቆጠረው ፊደልም የለውም። እንግሊዝኛ ሲጽፉ ዐረቡም ኢትዮጵያዊውም አንድ ጥያቄ ላይ ይቆማሉ፤ ካፒታሉ የት ይግባ?

የእኛ ሰው መልሱን የሚፈልገው ከአክብሮት ነው። ንጉሥ፣ ልዑል፣ አስተዳዳሪ የሚሉትን ባገኘበት ሁሉ በካፒታል ያስከብራቸዋል። የብራና ጸሐፊዎቻችንም የማርያምንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይለዩ ስለነበር ዝንባሌው አይገርምም። የእንግሊዝኛው ካፒታል ግን አንቱታ ሳይሆን የተጸውዖ ስም ምልክት ነው። «ኪንግ ሰልማን» ሲባል ማዕረጉ የስሙ አካል ነውና ካፒታል ያገኛል፤ «ዘ ኪንግ» ብቻ ሲባል የቺካጎው የአርትዖት መመሪያ በትንሹ ይጽፈዋል። የብሪታንያ ቤተ መንግሥት በበኩሉ የራሱን ንጉሥ በትልቁ ይጽፋል፤ ቤተ መንግሥት ነዋ! እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው የጂዛን ዩኒቨርሲቲም በሙሉ ስሙ በካፒታል ተጽፎ፣ ቀጥሎ «ዩኒቨርሲቲው» ሲባል የወል ስም ይሆናል።

ደንቡ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1787 የተረቀቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የወል ስሞችን በካፒታል ይጀምራል፤ ጀርመንኛ ዛሬም እንደዚያው ነው።

በድንበሩ ላይ ግን ነገሩ ከሰዋስው ያልፋል። «ቦርደር ጋርድ» የሳዑዲ ተቋም መጠሪያ ሲሆን በካፒታል ይጻፋል፤ ተራራ ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው ወታደር በትንሹ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በኦገስት 2023 ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል ሲል ከሷል፤ ሳዑዲ ክሱን አስተባብላለች። ስለዚህ ጉዳይ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው የሚናገረው ስለ ተቋሙ ይሁን ስለ ወታደሮቹ የፊደሉ መጠን ሊለየው ይችላል።

የቦታ ስምም በዚሁ ደንብ ይሄዳል፤ አቅጣጫ የሚያመለክት «ደቡብ» በትንሹ ነው፤ ቀይ ባሕር ግን ስም ነውና ሁለቱም ቃላት በትልቁ ይጀምራሉ።

ፓስፖርት ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ግርጌው ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች፣ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት የሚይዙት፣ ከፊደል ካፒታሉን ብቻ ይቀበላሉ። ችግሩ ጸሐፊው ስሙን ወደ ተራ ጽሑፍ ሲመልሰው ይመጣል። «ገብረማርያም» ተያይዞ ከገባ፣ መሐል ያለው «ኤም» ትልቅ ይሁን ትንሽ ከእነዚያ መስመሮች አይታወቅም፤ አንዱ ቢሮ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይጽፈዋል።