ነፍሰ ጡር እናትንና ሕፃንን ከጫት፣ ከአልኮል፣ ከትምባሆና ከጸረ ተባይ ኬሚካል መጠበቅ

መግቢያ

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሸቤ፣ በጅማ ዞን ውስጥ ካሉት የቡና ከተሞች አንዷ ናት። በአካባቢው የቡና ለቀማ ከሚበረታበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ወቅት ነፍሰ ጡር እናቶችና አራስ ሴቶች ጭምር በሥራ ላይ ይውላሉ። ለአብነት ያህል የአንዲትን ነፍሰ ጡር እናት አንድ ቀን እንመልከት። ጠዋት በጭስ በታፈነ ማድ ቤት ቁርስ ታሰናዳለች፤ ከጎረቤት ጋር ቡና ትጠጣለች፤ ቀትር ላይ ወደ ማሳ ትወርዳለች። ከሰዓት በኋላ ባለቤቷና እንግዶቹ ጫት በሚቅሙበትና ሲጋራ በሚያጨሱበት ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች፤ ወይም እርሷም ድካም እንዲያስረሳት ጥቂት ቅጠል ትቅማለች። ማታ የምትተኛው የነቀዝ መድኃኒት የገባበት እህል በተከማቸበት ቤት ነው። ይህች እናት ልጇን ለመጉዳት አንዳች ሐሳብ የላትም። ሆኖም በዚያ አንድ ቀን ውስጥ ጽንሱ ለበርካታ ንጥረ ነገሮች ተጋልጧል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ንጥረ ነገሮች በጽንስና በሕፃን ላይ የሚያስከትሉትን ጉዳት፣ የጥንቃቄ መንገዶችንና በመንግሥት ጤና ተቋማት የሚገኘውን አገልግሎት ለኅብረተሰቡ ማስገንዘብ ነው።

ንጥረ ነገሩ ወደ ጽንሱ የሚደርሰው እንዴት ነው?

ጽንስ ምግብና ኦክስጅን የሚያገኘው ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጅና በዕትብት በኩል ነው። እንግዴ ልጅ ብዙ ነገሮችን የሚያግድ ቢሆንም አልኮልን፣ ኒኮቲንን፣ ካፌይንን፣ በጫት ውስጥ ያሉትን አነቃቂ ንጥረ ነገሮችና አብዛኞቹን መድኃኒቶች አያግድም። የጽንሱ ጉበት ገና ያልጠነከረ በመሆኑ ወደ ሰውነቱ የገባውን ንጥረ ነገር የማስወገድ አቅሙ ከእናቱ እጅግ ያነሰ ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚመሠረቱበት ቧንቧ የሚዘጋው ጽንሱ በተፀነሰ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ ሲሆን፣ ልብና ሌሎች ዋና ዋና አካላትም ቅርጻቸውን የሚይዙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው። በዚህ ወቅት ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ገና አያውቁም። በመሆኑም ጥንቃቄው መጀመር ያለበት እርግዝና ከታቀደበት ጊዜ አንሥቶ ነው። የአንጎል ዕድገት ግን በዚህ አያበቃም፤ እስከ ወሊድና ከወሊድም በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይቀጥላል። ስለዚህ በአምስተኛው ወይም በሰባተኛው ወር ላይ ያለች እናት “አሁንማ ጊዜው አልፏል” ልትል አይገባም። በየትኛውም ወር ማቆም ለልጁ ጠቀሜታ አለው።

ጫት

በጫት ውስጥ ያሉት ዋነኞቹ አነቃቂ ንጥረ ነገሮች ካቲኖንና ካቲን ይባላሉ። ካቲኖን ቅጠሉ ሲደርቅ በፍጥነት ስለሚበላሽ ጫት ትኩስ ሆኖ ይፈለጋል። እነዚህ ንጥረ ነገሮች የደም ሥርን ያጠባሉ፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራሉ፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ። ለነፍሰ ጡር ሴት ይህ ማለት ወደ እንግዴ ልጅ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ እርሷም ለሁለት መመገብ በሚገባት ወቅት ሳትመገብ ትውላለች ማለት ነው። በዚህም ሳቢያ ሕፃኑ ክብደቱ ዝቅተኛ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ሲወለድ ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ሕፃን ለኢንፌክሽን፣ ለሰውነት ሙቀት መቀነስና ለሞት ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ከወሊድ በኋላም ጉዳቱ አይቋረጥም። በየመን በሚያጠቡ እናቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት ከጫት የሚገኘው ንጥረ ነገር በጡት ወተት ውስጥ፣ እንዲሁም በአንድ ሕፃን ሽንት ውስጥ መገኘቱን አመልክቷል። እናቲቱ በቂ ምግብና እንቅልፍ ስታጣ ወተቷ ሊቀንስ፣ ሕፃኑም እንቅልፍ ሊያጣና ሊነጫነጭ ይችላል።

በጅማና በአካባቢው ጫት ከእንግዳ መቀበልና ከዱአ ሥርዓት ጋር ተያይዞ እንደሚቀርብ ይታወቃል። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት በሥርዓቱ ላይ ስትገኝ ቅጠሉን አለመቃሟ ከማኅበራዊ ኑሮዋ አያጎድላትም። የሃይማኖት አባቶችና የዕድሜ ባለጸጎች “ነፍሰ ጡር ናትና አይቅረብላት” ማለታቸው ለእናቲቱ ትልቅ ድጋፍ ነው።

አልኮል

ጠጅ፣ ጠላ፣ ቦርዴ፣ አረቄና ቢራ ሁሉም አልኮል አላቸው። “ጠላ ምግብ ነው” ወይም “ጥቂት ቢራ ወተት ያበዛል” የሚሉት አባባሎች ነፍሰ ጡርንና የምታጠባ እናትን ለአደጋ የሚያጋልጡ ናቸው። እናት ስትጠጣ አልኮሉ ወደ ጽንሱ ደም ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የሕክምና ተመራማሪዎች በእርግዝና ወቅት አብዝተው ከጠጡ እናቶች በተወለዱ ሕፃናት ላይ የሚታየውን የዕድገት መቀጨጭ፣ የፊት ቅርጽ ለውጥና የአእምሮ ዕድገት ችግር በአንድ ስም አጠቃለው አቅርበዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች እንዳረጋገጡት አንዳንድ ልጆች በመልካቸው ላይ ምንም ምልክት ሳይታይ ትኩረት ለመስጠት፣ ለማስታወስና ትምህርት ለመቀበል ይቸገራሉ። ጉዳቱ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ መከላከል የሚቻል ነው።

በእርግዝና ወቅት ምንም ጉዳት አያስከትልም ተብሎ የተረጋገጠ የአልኮል መጠን የለም። በመሆኑም ምክሩ አንድ ነው፤ ፈጽሞ አለመጠጣት። ያልፈላ ብርዝ፣ የገብስ ወይም የአጃ አጥሚትና ወተት በምትኩ ሊቀርቡ ይችላሉ። ሆኖም ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝታ ስትጠጣ የቆየች ሴት በድንገት ብታቆም መንቀጥቀጥና መጣል ሊያጋጥማት ስለሚችል፣ መጠጡን የምታቆመው በጤና ባለሙያ ክትትል መሆን ይኖርበታል።

ቡና

በቡና አገር ነፍሰ ጡርን “ቡና አትጠጪ” ማለት ቀላል አይደለም፤ አስፈላጊም አይደለም። የሚያስፈልገው መጠኑን መገደብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች መጠኑን እንዲቀንሱ ይመክራል፤ ምክንያቱም ከፍተኛ መጠን ከጽንስ መቋረጥና ከዝቅተኛ የልደት ክብደት ጋር የተያያዘ ነው። በእርግዝና ወቅት ካፌይን ከእናቲቱ ሰውነት የሚወጣው በዝግታ ሲሆን፣ ከአዲስ ሕፃን ሰውነት ለመውጣት ደግሞ ቀናትን ይወስዳል።

የካፌይኑ መጠን እንደ ቡናው ዓይነትና አፈላል ይለያያል። ስለዚህ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አቦል፣ ቶናና በረካ ከመጠጣት ይልቅ በአንድ የቡና ሥርዓት ከአንድ ሲኒ አለማለፍ፣ ከበረታው አቦል ይልቅ ቶናውን መምረጥ፣ የማታውንም መተው ይመከራል። ሻይና ከቡና ቅጠል የሚፈላው መጠጥም ካፌይን እንዳላቸው ሊዘነጋ አይገባም።

በተጨማሪም ቡናና ሻይ በምግብና በኪኒን ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካሉ። በቅድመ ወሊድ ክትትል የሚሰጠውን የአይረንና ፎሊክ አሲድ ኪኒን በቡና ማወራረድ ኪኒኑን ከጥቅም ውጪ እንደማድረግ ይቆጠራል። ኪኒኑ በውኃ ይወሰድ፤ ከቡናና ከሻይ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልዩነት ይኑረው።

ትምባሆና የማድ ቤት ጭስ

ሲጋራ፣ ሺሻና ጋያ ኒኮቲንንና ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ እናቲቱ ደም ያስገባሉ። ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠባል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ውጤቱም ያለጊዜው መውለድ፣ ዝቅተኛ ክብደት፣ ሞቶ መወለድና የጨቅላ ሕፃን ድንገተኛ ሞት ሊሆን ይችላል። እናቲቱ ራሷ ባታጨስም ሌሎች በሚያጨሱበት ክፍል መቀመጧ ለተመሳሳይ ጉዳት ይዳርጋታል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታዎች የቤት ውስጥ ክፍሎች ማጨስን ይከለክላል፤ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎችም ትምባሆም ሆነ አልኮል እንዳይሸጥ ይደነግጋል። በመኖሪያ ቤት ውስጥ ግን ይህን ኃላፊነት የሚወስደው አባወራው ነው።

የማገዶ ጭስም እንዲሁ ለሕፃናት የሳንባ ምች ዋና መንሥኤዎች ከሆኑት አንዱ ነው። ሕፃንን አዝሎ ምድጃ ዳር መቆየትን ማስወገድ፣ ለማድ ቤት መስኮትና የጭስ መውጫ ማበጀት፣ ደረቅ እንጨትና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መጠቀም ጉዳቱን ይቀንሳል።

ጸረ ተባይና ሌሎች ኬሚካሎች

በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጅማ ከተሞች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በእናት ጡት ወተትና በላም ወተት ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት መገኘቱን አሳይቷል። ዲዲቲ በአገራችን ለወባ መከላከያ ለረጅም ዓመታት ሲረጭ የቆየ፣ በስብ ውስጥ የሚከማችና ለዓመታት የማይጠፋ ኬሚካል ነው። ይህ ማንንም እናት ጡት ከማጥባት ሊያግዳት አይገባም፤ የእናት ጡት ወተት የሚሰጠው ጥቅም ከዚህ ስጋት እጅግ ይበልጣል። ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ከተጨማሪ ምግብ ጋር ጡት ሊጠባ ይገባል። መፍትሔው ኬሚካሉ ወደ ቤት እንዳይገባ ማድረግ ነው። ይኸውም፦

• ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ኬሚካል አትበጥብጥ፣ አትርጭ፣ በተረጨ ማሳም ወዲያው አትግባ፤
• የረጨ ሰው ልብሱን ለይቶ ይጠብ፣ ገላውን ሳይታጠብ ሕፃን አይቀፍ፤
• የኬሚካል ጀሪካንና ጠርሙስ ለውኃ፣ ለዘይት ወይም ለወተት መያዣ ፈጽሞ አይዋል፤
• የነቀዝ ኪኒን የገባበት እህል ሰው በሚተኛበት ክፍል አይቀመጥ፤ ከኪኒኑ የሚወጣው ጋዝ ገዳይ ነው፤
• ላምባ፣ በረኪናና ጸረ ተባይ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጡ። ሕፃን ከጠጣ ለማስታወክ ሳይሞከር፣ ዕቃውን ይዞ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

መድኃኒትና ባህላዊ መድኃኒት

ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ጽንስን ሊጎዱ ይችላሉ። ለምሳሌ ቴትራሳይክሊን የሕፃኑን ጥርስና አጥንት ይጎዳል፤ ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት የጽንሱን ልብና ኩላሊት ያውካሉ። ኮሶ በነፍሰ ጡር ሊወሰድ አይገባም፤ ጤና አዳምም በብዛት መወሰድ የለበትም። በሌላ በኩል ለሚጥል በሽታ፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊት ወይም ለኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ እናት በፍርሃት በራሷ ማቋረጥ የለባትም። መድኃኒቱ መለወጥ ካለበት የሚለውጠው ሐኪም ነው።

የሚገኙ አገልግሎቶች

በመንግሥት ጤና ተቋማት የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ የወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት በነጻ ይሰጣል። የመጀመሪያው ክትትል ከ12ኛው ሳምንት በፊት ቢጀመር ይመረጣል። በቅርብ ባለ ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን ማነጋገር ይቻላል፤ ባለሙያዋ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ተጨማሪ ምርመራ የሚያሻቸው እናቶች ወደ ሆስፒታል፣ እስከ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድረስ ሪፈር ይጻፍላቸዋል።

በክትትሉ ወቅት ጫት ትቅሚያለሽ? አልኮል ትጠጫለሽ? በቤትሽ የሚያጨስ አለ? ኬሚካል ትነኪያለሽ? የሚሉ ጥያቄዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። ጥያቄው ለመውቀስ ሳይሆን ለመርዳት የሚቀርብ ነው። የጤና ባለሙያ የታካሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ኀፍረት ይዟት የምትደብቅ እናት ልታገኝ የሚገባት እርዳታ ይቀርባታል።

በቅጥር የምትሠራ ሴትም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለእርግዝና ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ፣ ከወሊድ በፊት 30 ተከታታይ ቀናትና ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት የማግኘት መብት አላት። ለሴቶች ጤና አደገኛ ተብሎ በተለየ ሥራ ላይ ነፍሰ ጡርን መመደብም የተከለከለ ነው።

ማጠቃለያ

በመግቢያው ላይ የተጠቀሰችው እናት የአንድ ቀን ውሎዋን ብቻዋን መለወጥ አትችልም። ባለቤቷ ሲጋራውን ከቤት ሲያስወጣ፣ አማቷ የጫቱን ድርሻ በገንፎ ስትተካ፣ ጎረቤቶቿ ሁለተኛውን ሲኒ ሳያስገድዷት ሲቀሩ፣ አሠሪዋም ከርጭት ሥራ ሲያርቃት የልጇ ጤና ይጠበቃል። እርግዝና የተጠራጠረች ወይም ያረጋገጠች እናት ዛሬውኑ በአቅራቢያዋ ወዳለ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ እንድትሄድ እናሳስባለን። ለተጨማሪ መረጃ በነጻ የስልክ መስመር 952 መደወል ይቻላል።