የጂንካ መንገድና የሲ.ቢ.ዲ ብልቃጥ

ጂንካ ላይ ጨዋታ ያለው የአዲስ አበባ ቡድን የመጀመሪያ ተጋጣሚው ባለሜዳው ሳይሆን መንገዱ ነው። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ! ከአርባ ምንጭ ኮንሶ ትወጣላችሁ፣ ወደ ወይጦ ቆላ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ እንደገና ሽቅብ ወደ ቀይ አፈር። ጥምዝምዙ ላይ ፌስታል የሚለምን ተጫዋች አይጠፋም። (ጋዜጠኛም አይጠፋም።)

ሰሞኑን አንድ የማውቀው ተጫዋች «ውጭ ያለ ዘመዴ ለማቅለሽለሽ የሚሆን ሲ.ቢ.ዲ የሚባል ዘይት ልላክልህ ብሎኛል፤ ችግር አለው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። አለው።

ሲ.ቢ.ዲ ከካናቢስ ተክል የሚወጣ፣ ግን የማያሰክር ንጥረ ነገር ነው። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ (ዋዳ) ከ2018 እ.ኤ.አ ጀምሮ ከተከለከሉት ዝርዝር አውጥቶታል። እስከዚህ ሰላም ነው። ጣጣው ያለው ወንድሙ ላይ ነው። የሚያሰክረው ቲ.ኤች.ሲ በውድድር ወቅት ክልክል ነው፤ «ንጹህ ሲ.ቢ.ዲ» ተብለው በሚሸጡ ብልቃጦች ውስጥም ተገኝቶ ያውቃል። ምርመራው ደግሞ «አላወቅኩም» የሚል አይሰማም። አሜሪካዊቷ ሯጭ ሻካሪ ሪቻርድሰን የ100 ሜትር ማጣሪያውን አሸንፋ ሳለ የ2021ዱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ያመለጣት በካናቢስ ነው፤ እሷስ መጠቀሟን አምናለች።

ደግሞስ ይሠራል ወይ? አሜሪካ በ1985 እ.ኤ.አ ለካንሰር ሕሙማን ትውከት የፈቀደችው መድኃኒት ሰው ሠራሽ ቲ.ኤች.ሲ እንጂ ሲ.ቢ.ዲ አይደለም። ሲ.ቢ.ዲ በ2018 እ.ኤ.አ የተፈቀደው ለከባድ የሚጥል በሽታ ነው፤ ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ተቅማጥ ነው። አስቡት፣ ወይጦ ላይ!

ሕጉም አለ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 በአደንዛዥ ዕፅ ያስጠይቃል። ብልቃጧ ቦሌ ላይ ብትያዝ የዋዳን ዝርዝር ቁጭ ብሎ የሚያነብልህ የለም።

እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከመኪና ወርደውም የማይተው ትውከት፣ በተለይ ትኩሳት ከታከለበት፣ በመንገድ አይመካኝም። የደቡብ ኦሞ ቆላ የወባ አገር ነው፤ ወባው ደግሞ አዲስ አበባ ከተመለሱ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ኅዳር 2018 ዓ.ም ጂንካ ላይ መከሰቱ የተረጋገጠው የማርበርግ ቫይረስም ከምልክቶቹ መካከል ትኩሳትና ትውከት አሉበት። እንዲህ ያለውን በዘይት ጠብታ ሸፍኖ ልምምድ መግባት ነፍስ ያስከፍላል።

ልጁን «ዘይቱ ይቅርብህ። ካተኮሰህ ሳትውል ሳታድር ሄደህ ተመርመር» አልኩት።

«ለመንገዱስ?»

«ሆድህን ቀለል አድርግ፣ ሞባይልህን ዝጋና ሩቅ ሩቁን እይ። ከመነሳትህ በፊት የሚዋጥ ክኒን ፋርማሲ አለ፤ እንቅልፍ ስለሚያመጣ መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቅ። ዋናው ግን ፊት ወንበር ላይ ቁጭ በል።»

ሳቀ። ፊት ወንበሩን አሰልጣኙ ይዞታል።