የመጋዘኑ ሩጫ ልኩ የት ነው?

በአሜሪካ ትልልቅ መጋዘኖች ሠራተኛው የሚይዘው ስካነር የዕቃውን ባርኮድ ከማንበብ አልፎ፣ በአንድ ዕቃና በሚቀጥለው መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ይመዘግባል። ሽንት ቤት ደርሶ መመለስም ሆነ ሰላት መስገድ የባከነ ሰዓት ተብሎ ሊቆጠር ይችላል።

የመጋዘን አደጋ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፎርክሊፍት ሰው ሲገጭ ወይም የተቆለለ ዕቃ ሲናድ ነው። እነዚህም አሉ። ወገብና ትከሻን ቀስ በቀስ የሚጎዳው ግን መጎንበስ፣ መጠማዘዝና መሸከም ነው። የአገሪቱ የሥራ ጤና ምርምር ተቋም ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሻሻለው ስሌት አንድ ሰው በእጁ የሚያነሳውን ክብደት ቢበዛ 23 ኪሎ ያደርገዋል። ያውም ሁሉ ነገር ሲመቻች ነው፦ ዕቃው ለሰውነት ቀርቦ፣ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ሲነሳ። ካርቶኑ ወለል ላይ ከተቀመጠ ልኩ ይወርዳል፤ በደቂቃ ደጋግሞ ከተነሳ ደግሞ ይበልጥ ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ስለ ፍጥነት ሳያነሳ ስለ ደህንነት የሚያወራ አሠሪ ዋናውን ነገር ዘሎታል።

መንግሥት ይህን አልሳተውም ነበር። የፌዴራሉ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ ለዓመታት ተዘጋጅቶ በኅዳር 2000 እንዲህ ዓይነት ጉዳትን የሚከላከል ደንብ አወጣ። ኮንግረስ በመጋቢት 2001 ሻረው። በተጠቀመበት ሕግ መሠረት ተመሳሳይ ደንብ ያለ አዲስ ሕግ ተመልሶ ሊወጣ አይችልም። ለኦሻ የቀረው የ1970ው ሕግ ያስቀመጠው ጥቅል ግዴታ ብቻ ነው፤ በዚያ ደግሞ እያንዳንዱን ክስ ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት ግድ ነው።

ክፍተቱን መሙላት ለክልሎች ቀረ። በመጋዘን ኮታ፣ ማለትም በተወሰነ ጊዜ መሠራት ባለበት የሥራ መጠን ላይ ሕግ በማውጣት ካሊፎርኒያ በ2021 ቀደመች። ሚኒሶታ በ2023 ስትከተል ግፊቱ የመጣው ከሻኮፒ ከተማ ነው፤ እዚያ ባለው የአማዞን መጋዘን የሚሠሩ የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች፣ አብዛኞቹ ሶማሌዎች፣ በሐምሌ 2019 በኩባንያው ትልቅ የቅናሽ ቀን ሥራ አቁመው ወጥተው ነበር። የሚኒሶታ ሕግ ኮታ ካለ ሠራተኛው በአፍ መፍቻ ቋንቋው በጽሑፍ እንዲነገረው ያዛል፤ አማርኛ ተናጋሪም በአማርኛ ይገባዋል። ያልተነገረው ኮታ ጎደለ ተብሎ አይቀጣም። የምግብ፣ የዕረፍት፣ የሽንት ቤትና የጸሎት ጊዜ በኮታ አይነካም። የጉዳት መጠኑ ከዘርፉ አማካይ በ30 በመቶ የሚበልጥ መጋዘን ደግሞ ይመረመራል።

አፈጻጸሙ ገና ትግል አለበት። ካሊፎርኒያ በ2024 አማዞንን በሁለት መጋዘኖች ሳቢያ 5.9 ሚሊዮን ዶላር ቀጣች፤ ኩባንያው ቋሚ ኮታ የለኝም ብሎ ይግባኝ አለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከኦሻ ጋር ባደረገው ስምምነት የ145,000 ዶላር ቅጣት ተቀብሎ፣ የሸክም ጉዳትን ለመቀነስ በፌዴራል ቁጥጥር ሥር ባሉት መጋዘኖቹ ሁሉ እርምጃ ለመውሰድ ተስማማ። ለእንዲህ ያለ ኩባንያ ገንዘቡ ኢምንት ነው። ክብደት ያለው የሚኒሶታው ሌላ አንቀጽ ነው፦ ሠራተኛው ያለፉትን 90 ቀናት የፍጥነት መዝገቡን ጠይቆ መውሰድ ይችላል። ወገቡ የተጎዳ ሰው ምን ያህል እንዲሮጥ ይጠበቅበት እንደነበር የሚያሳይበት ማስረጃ ያገኘው በዚህ ነው።