እንጥል አይቆረጥ

ልጅ ሲያተኩሰውና ምግብ አልዋጥ ሲለው «እንጥሉ ወርዷል፤ ይቆረጥለት» ይባላል። እንጥል ከምላስ በስተኋላ የተንጠለጠለች ትንሽ ሥጋ ናት። አብራን የተወለደች እንጂ በሽታ አይደለችም። ጉሮሮ ሲቆጣ እሷም ታብጣለች፤ ሕመሙ ሲሻል እብጠቷ ይጎድላል። ምላጩ ግን ብዙ ደም ያፈሳል፤ መንጋጋ ቆልፍም ሊያስይዝ ይችላል። «እኛስ ተቆርጠን አድገን የለም ወይ?» የሚሉ እናቶች አሉ። ያደጉት ይናገራሉ፤ የሞቱት ግን አይናገሩም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የሚጠባ ሕፃን ጡት አይከልከል። ከፍ ያለው ልጅ ለብ ያለ አጥሚት ወይም ሻይ ጥቂት በጥቂት ቶሎ ቶሎ ይጠጣ። መትፋት የሚችል ከሆነ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ አጉመጥምጡት። ድምፁ ከሻከረ አይጩህ። ጭስ ካለበት ቤት አውጡት።

ትኩሳቱ ካልበረደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አንዳንዱ የጉሮሮ ሕመም ቸል ከተባለ ቆይቶ ልብን ይጎዳል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት «ተሻለው» ብላችሁ አታቋርጡ።

ምራቁን መዋጥ ካቃተውና ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ አየር ሲስብ ጉሮሮው ከጮኸ፣ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ የአየር መግቢያው ጠቧል ማለት ነው። ድምፅ የሚወጣበት ማንቁርትም እዚያው ነው። ያን ጊዜ ጣት ወይም ማንኪያ ወደ ጉሮሮው አታስገቡ። በጀርባው አታስተኙት። እንደተቀመጠ አቅፋችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ሩጡ።

ይህን ያነበበ ላላነበበው ይንገር።